ዳካር ራሊ ሌሊት ሌሊት፦ የመካኒክ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ጅዳ ነው፤ ሥራዬ መካኒክነት። ዳካር ራሊ፣ መኪናና ሞተር ሳይክል በበረሃ ለቀናት የሚፎካከሩበት ውድድር፣ ወደ ሳዑዲ ከመጣ በኋላ ለአንድ አነስተኛ የግል ቡድን ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ። ቀን የጥገና መኪናውን እነዳለሁ፣ ሌሊት ከመወዳደሪያው መኪና ሥር እገባለሁ። ስለዚህ ሥራ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ «ያላችሁን በሙሉ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። እነሆ መልሱ። ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዳካር ሴኔጋል ውስጥ አይደል እንዴ? ሳዑዲ ምን ያደርጋል?

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ቲየሪ ሳቢን የሚባል ፈረንሳዊ ሞተረኛ በ1977 ሊቢያ በረሃ ውስጥ ጠፍቶ ለትንሽ ተረፈ። ሌላው ቢሆን ሁለተኛ አሸዋ አላይም ይል ነበር። እሱ ግን ሰው አስከትሎ ተመለሰ። የመጀመሪያው ውድድር በታኅሣሥ 1978 ከፓሪስ ተነሥቶ ዳካር ገባ። በ2008 በሞሪታኒያ የጸጥታ ስጋት ምክንያት ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ተሰረዘ። ከ2009 እስከ 2019 ደቡብ አሜሪካ ቆየ፣ ከ2020 ጀምሮ ሳዑዲ ነው። ስሙን ግን ማንም አልነካውም።

ጥያቄ፦ የእናንተ ዋና ሥራ ምንድን ነው? ጎማ መቀየር?

ጎማማ ቀላሉ ነው። ሰፈሩን ልንገርህ። ቢቫክ ይሉታል። በረሃ መሃል በአንድ ቀን የሚበቅል ከተማ ማለት ነው። ድንኳን፣ ጄኔሬተር፣ የምግብ አዳራሽ፣ ሐኪም ቤት፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው። ብዙውን ጊዜ ነገ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል።

መኪናው ከመጣ በኋላ መጀመሪያ ይታጠባል። ካልታጠበ ስንጥቁ አይታይም። ከዚያ ከሥር ሸራ ይነጠፋል። ሸራው ዘይት መሬት እንዳይነካ ነው፤ ለእኔ ግን ሌላም ጥቅም አለው። አሸዋ ላይ የወደቀች ዳዶ አትገኝም። አንድ ሌሊት ሸራው ጫፍ ላይ የወደቀች አንዲት ዳዶ ለሁለት ሰዎች ሃያ ደቂቃ በልታብናለች።

ከዚያ አሞርዛተር፣ ዘይት፣ ፍሬን፣ አንዳንዴ ሙሉ ካምቢዮ ይወርዳል። የአየር ማጣሪያውን ሁልጊዜ ራሴ ነው የማወጣው። አንዴ ሸራው ላይ ሳራግፈው አንድ ሲኒ የሚሞላ አቧራ ወጣ። አሸዋ እንዳይመስልህ፤ እንደ በርበሬ የላመ ነው። ያ ሞተር ውስጥ ቢገባ ውድድሩ አበቃ። የማየው በግንባሬ ባትሪ ነው። ጭስ ማውጫው ገና ይፋጃል፣ ጣቴ ደግሞ በብርድ ደንዝዟል። እንዲህ እንዲህ ሲባል ይነጋል።

ጥያቄ፦ ብርድ አልክ እንዴ? በረሃ አይደል?

በጥር ሌሊት ሐኢል በምትባለው የሳዑዲ ከተማ ያለው ብርድ አጥንት ይገባል። ወፍራም ጃኬት ሳይዝ የሚመጣ ሰው ሁለተኛ አይረሳም። ዝናብም አለ። በ2022 አርታዊያ በሚባል ቦታ የተዘጋጀው ሰፈር በጎርፍ ተጥለቅልቆ የሁለተኛው ቀን ዕቅድ ተቀይሯል።

ጥያቄ፦ መኪናው አሸዋ ላይ ሲሰበር ሮጣችሁ ትሄዳላችሁ?

አንችልም። እኔን የከበደኝ ይሄ ነው። የእኛ መንገድ ሌላ ነው፤ በአስፋልት ዞረን ቀጣዩ ሰፈር እንጠብቃለን። በውድድሩ መስመር ውስጥ የተሰበረውን ሊረዳው የሚችለው ሌላ ተወዳዳሪ ብቻ ነው። ትልልቆቹ ቡድኖች ለዚህ ብለው መለዋወጫ የጫነ ከባድ መኪና ራሱን ተወዳዳሪ አድርገው ያስመዘግባሉ። እንደኛ ያለው ሾፌርና ረዳቱ የያዙትን ይዘው ይታገላሉ። ማራቶን በሚባለው ሌሊት ደግሞ መካኒክ መኪናውን አይነካም፤ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚጠግኑት።

በየመኪናው የሳተላይት መከታተያ አለ። አንድ ማታ የእኛ መኪና ነጥብ ስክሪኑ ላይ ቆመች። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ፣ አርባ። የአደጋ ጥሪ አልተሰማም፣ ስለዚህ ሰዎቹ ደህና ናቸው ብለን ራሳችንን አጽናናን። ማንም አይናገርም። ከመካከላችን አንዱ ያልታዘዘ ካምቢዮ አውርዶ ማጽዳት ጀመረ፤ እጁ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም። ነጥቧ ስትንቀሳቀስ አስታውሳለሁ፣ ጮኽን። መኪናው የገባው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር። ሲነጋ እንደገና መነሣት ነበረበት። ተነሣም።

ጥያቄ፦ ከሁሉም የሚያስፈራው ምንድን ነው?

እንቅልፍ። ሰው የአሸዋ ክምሩን ነው የሚፈራው፤ እኔ አስፋልቱን ነው የምፈራው። ሌሊቱን ስትሠራ አድረህ ጠዋት መቶዎች ኪሎ ሜትር ትነዳለህ። ሹፌር ሁለት ካልሆነ አልሄድም ብያለሁ። ፍጥነታችንንም አዘጋጆቹ ይቆጣጠራሉ፤ ካለፍክ ቅጣቱ አለ። መልካም አድርገዋል።

ጥያቄ፦ ተወዳዳሪዎቹ ጂፒኤስ አይተው ነው የሚሄዱት?

እንደ ስልክህ ካርታ የሚያሳይ የለም። በኪሎ ሜትርና በአቅጣጫ የተጻፈ የመንገድ መምሪያ ነው ያላቸው። መሣሪያው ቀስት የሚያሳየው ማለፍ ያለባቸው ነጥብ አጠገብ ሲደርሱ ነው። ነጥቡን ከሳቱ ቅጣት ነው።

ጥያቄ፦ ሴቶችስ አሉ?

አሉ እህቴ። ጀርመናዊቷ ዩታ ክላይንሽሚት በ2001 በመኪና አሸንፋለች። ከመካኒኮቹም መካከል ሴቶች አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ አፋር ውስጥ የጭነት መኪና እነዳለሁ። አሸዋ ላይ ምን ትመክረኛለህ?

መጀመሪያ የጎማ ንፋስ ቀንስ፤ ጎማው ጠፍጠፍ ብሎ መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይይዛል። አስፋልት ስትመለስ ግን ሳትሞላ እንዳትፈጥን። ዳገት ላይ አትቁም፣ መቆም ካለብህ አፍንጫው ወደ ቁልቁለት ይሁን። ከተያዝክ ነዳጅ እየሰጠህ አታስቆፍረው። ውረድና በአካፋ ከጎማው ፊት ጥረግ። አካፋ ሳትይዝ ደግሞ አትውጣ፣ አደራ።

ጥያቄ፦ እኛም ሳዑዲ ነን፣ ሥራው እንዴት ይገኛል?

ኢቃማህ (የመኖሪያ ፈቃድህ) የተስተካከለ ይሁን። ቡድኖቹ ሰው የሚፈልጉት ከወራት በፊት ነው፣ በታኅሣሥ መጨረሻ መሯሯጥ ዋጋ የለውም። «ገንዘብ ስጠኝና አስገባሃለሁ» የሚልህን ደላላ ሽሸው። ስምምነትህን በጽሑፍ ያዝ። እኔ በቃል ተስማምቼ የመጨረሻው ሳምንት ክፍያዬ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ ውድድሩ ጥር ላይ ነው። ገናን እንዴት ታሳልፋለህ?

ሁለቱንም ጊዜ ገና እዚያው ደረሰብኝ። ምግቡ ጥሩ ነው፣ ሞልቶ ተርፏል፤ ዶሮ ወጥ ግን የለም። ለእናቴ ደወልኩ። ከጀርባዋ ቡና ሲወቀጥ ይሰማኛል። «በልተሃል?» አለችኝ። በልቻለሁ አልኳት። ልትመርቀኝ ስትጀምር የመኪናችን መብራት በሰፈሩ በር ሲገባ አየሁ። የፊት ግራ ጎማው ዘሟል። «እማዬ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብያት ክሪክ ልይዝ ሮጥኩ።