አየር የሚያጣራው ማሞቂያ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲያመጣ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ አየር የማጣራትና ክፍል የማሞቅ ሥራን አንድ ላይ የሚሠራ መሣሪያ በልጃችን መኝታ ክፍል እንጠቀማለን። ማታ ሲበራ ለጥቂት ጊዜ ደስ የሚል ሙቀት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀዝቃዛ ነፋስ መልቀቅ ይጀምራል። የልጁ አልጋ ከመሣሪያው ፊት ለፊት ስለሆነ ነፋሱ ማጅራቱን እየመታው ሌሊት ይነቃል። ሙቀቱን ከ22 ወደ 25 ዲግሪ ብናሳድገውም የተለወጠ ነገር የለም። ልጁ አስም ስላለበት አየሩ ሳይጣራ እንዲያድር አንፈልግም። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከገለጹልን ሁኔታ ስንነሣ መሣሪያው የተበላሸ አይመስለንም። እንዲህ ያለው መሣሪያ ሁለቱን ሥራ የሚሠራው በአንድ ማራገቢያ ነው፤ ሁለቱ ሥራዎች ግን እኩል አይቆሙም። ክፍሉ የታዘዘው ሙቀት ላይ ሲደርስ ቴርሞስታቱ ማሞቂያውን ያጠፋዋል፤ ማራገቢያው ግን አየር ማጣራት ስላለበት መዞሩን ይቀጥላል። በዚያን ጊዜ የሚወጣው አየር ከክፍሉ አየር የቀዘቀዘ አይደለም፤ ያው የክፍሉ አየር ነው። ብርድ ሆኖ የሚሰማን በመንቀሳቀሱ ነው። የቆዳችን ሙቀት ወደ 33 ዲግሪ ስለሚጠጋ፣ በዙሪያችን ያለው አየር ረግቶ ሲቆይ ከሰውነታችን ሙቀት ወስዶ እንደ ስስ ሽፋን ያቅፈናል፤ ነፋስ ሲመጣ ይህ ሽፋን ይገፈፍና ሙቀታችን አብሮት ይሄዳል። 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ለተኛ ወይም ለተቀመጠ ሰው፣ በሰከንድ 0.2 ሜትር ያህል የሚጓዝ አየር እንኳ ሊያስቸግረው ይችላል። ይህ በእጅ መዳፍ ቢፈተሽ እምብዛም የማይታወቅ ፍጥነት ነው፤ ማጅራትና ቁርጭምጭሚት ግን ወዲያው ይለዩታል።

ሙቀቱን ማሳደግዎ ያልረዳዎትም ለዚህ ነው። ክፍሉ 25 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ሞቃት አየር ይወጣል፤ ከደረሰ በኋላ ያው ነገር ይደገማል። በዚህ መሐል የክፍሉ አየር ይደርቃል፣ የልጁም ጉሮሮ አብሮ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ ወደ 20 ወይም 21 ዲግሪ ዝቅ አድርገው፣ ትኩረትዎን ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫና ማራገቢያው በሚበረታበት ሰዓት ላይ እንዲያደርጉ እንመክራለን።

በመጀመሪያ ነፋሱ በእርግጥ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። ከስስ ሶፍት ላይ ጣት የምታህል ረጅም ቁራጭ ቀድደው፣ ትራሱ ባለበት ከፍታ ጫፏን ይዘው ያንጠልጥሏት። መሣሪያው ሲሠራ ቁራጯ ከተወዛወዘች ነፋሱ አልጋው ድረስ ይደርሳል ማለት ነው። ቀጥሎ መሣሪያውን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና ይድገሙት። አሁንም የምትወዛወዝ ከሆነ ጥፋቱ የመሣሪያው ብቻ አይደለም። በመስኮትና በበር ክፍተት የሚገባ አየር ሊሆን ይችላል፤ መስኮቱ ጥብቅ ብሎ ቢዘጋም እንኳ ሌሊት የቀዘቀዘው መስታወት የነካውን አየር እያከበደ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ያም አየር ወለል ለወለል እየተሳበ እስከ አልጋው ይደርሳል። ወፈር ያለ መጋረጃና አልጋውን ከመስኮቱ ማራቅ ለዚህ ጥሩ መፍትሔ ናቸው።

ነፋሱ ከመሣሪያው ከሆነ፣ አፉን ከአልጋው አዙረው ወደ ክፍሉ ሰፊ ባዶ ቦታ ያቅኑት። የሚወጣው አየር ራቅ ያለ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ ፍጥነቱ ይሞታል፤ ማጣራቱ ግን አይቀርም፣ ምክንያቱም አየሩ በክፍሉ ውስጥ እየዞረ ወደ መሣሪያው ይመለሳል። ግራና ቀኝ እንዲዞር የሚያደርገውን ቁልፍ ሌሊት ቢያጠፉት እንመርጣለን፤ መጣ ሄደት የሚል ነፋስ ሳያቋርጥ ከሚነፍሰው ይልቅ እንቅልፍ ይነሣል። መሣሪያውን ጥግ ውስጥ መወሸቅም አይበጅም፤ የሙቀት መለኪያው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በመሣሪያው ላይ ስለሆነ፣ ጥጉ ብቻ ሞቆ ክፍሉ ሳይሞቅ ማሞቂያው ሊጠፋ ይችላል።

ዋናው ነገር ግን ሰዓቱ ነው። ልጁ ከመተኛቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብለው፣ የውጭው አየር ንጹሕ ከሆነ፣ መስኮቱን ለጥቂት ደቂቃ ይክፈቱ፤ እነዚህ መሣሪያዎች አቧራ ይይዛሉ እንጂ ከውጭ አዲስ አየር አያስገቡም። ከዚያ በርና መስኮቱን ዘግተው፣ ልጁ ሳይገባ፣ መሣሪያውን በከፍተኛ ፍጥነት ያሠሩት። ለምሳሌ ስፋቱ 20 ካሬ ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 50 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ በሰዓት 250 ሜትር ኩብ የሚያጣራ መሣሪያ የዚህን ክፍል አየር በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ የሚያክል ያጣራል። ልጁ ሲተኛ ፍጥነቱን ወደ ዝቅተኛው ያውርዱት፤ በሩ ተዘግቶ አቧራ የሚያስነሣ እንቅስቃሴም ስለሌለ፣ ዝቅተኛው ፍጥነት የተጣራውን አየር ጠብቆ ለማቆየት ባመዛኙ ይበቃል። ፍጥነቱን በራሱ እንዲመርጥ አይተዉት፤ ብርድ ልብስ ሲራገፍ የተነሣች አቧራ እንኳ ሴንሰሩን ቀስቅሳ ማራገቢያውን በእኩለ ሌሊት ልታስጮኸው ትችላለች።

አቅም ካለ ግን ከሁሉ የሚሻለው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ማሞቁን ማራገቢያ ለሌለው፣ ውስጡ ዘይት ለያዘ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰጥተው፣ ይህኛው በዝቅተኛ ፍጥነት እያጣራ ብቻ ቢያድር፣ ልጁ ሙቀቱንም ንጹሕ አየሩንም ያለ ነፋስ ያገኛል።

ሙቀቱ የሚቋረጠው ክፍሉ ገና ሳይሞቅ ከሆነ ፊልተሩን ይመልከቱ። በአቧራ የተደፈነ ፊልተር አየር አያሳልፍም፤ ማሞቂያው ከመጠን በላይ ሲግል መከላከያው ያጠፋዋል። ፊልተሩ ተቀይሮም ችግሩ ከቀጠለ ለባለሙያ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ነፋሱን ለመቀነስ የመሣሪያውን አፍ በስስ ጨርቅ ብንሸፍነውስ?

መልስ፦ በፍጹም አይሸፍኑት። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ መሣሪያው ይግላል፣ ጨርቁም ሊቃጠል ይችላል። መጋረጃና አልጋ ልብስ ከመሣሪያው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ። ሲያሞቅ ብዙ ጊዜ ከ1500 እስከ 2000 ዋት ስለሚወስድ፣ በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ይሰኩት።