ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሺበት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ልደታ ነው፤ ሥራዬም ሜክሲኮ አካባቢ ነው። አባታችን ሲያርፉ ቱሉ ቦሎ አጠገብ፣ በቾ ሜዳ ላይ 4 ሄክታር መሬት ትተውልናል። የሚያርሰው እዚያው ያለው ታናሽ ወንድሜ ነው። በሬ መቀለብ ከብዶታል። ሰሞኑን አንድ ደላላ ተክለሃይማኖት ጀርባ ካለ ጋራዥ ወስዶ ማሲ ፈርጉሰን 240 አሳየኝ። «የ85 ሞዴል ናት፤ ከ3,000 ሰዓት በላይ አልሠራችም» ይላል። ቀለሟ ያብረቀርቃል። ቁልፉ ሲዞርም በአንዴ ተነሳች። ለጎረቤት እያረስን ወጪዋን ትመልሳለች ብለን አስበናል። ልግዛት? ምን ምኗን ልይ?
ከልደታ

መልስ፦ ልጄ፣ በቅድሚያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከመነሳቷ በፊት ሞተሩን በእጅሽ ነክተሽዋል? ለብ ብሎ ነበር?

እኔን ያቃጠለኝ ይኸው ነው። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ያገለገለች ትራክተር ገዛን። ቁልፉ ሲዞር ትር አለች። ደስ ብሎን ብሩን ቆጥረን ሰጠን። በማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እዚያው በቾ ልናስነሳት ብንታገል ወይ ፍንክች። ባትሪው ሞተ። ለካ ሻጩ እኛ ሳንደርስ አሙቆ ጠብቆን ኖሯል። ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ አልቆ ሞተሩ ኮምፕሬሽን የለውም፤ አየር አምቆ መያዝ አቅቶታል። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ተዳፋት ላይ ማቆም ግድ ሆነ፤ ጠዋት እየገፋን ልናስነሳት። በቾ ደግሞ ሜዳ ነው፤ ተዳፋት ከየት ይምጣ? አፈር ከምረን ጉብታ ሠራን። የሰፈሩ ሰው «የትራክተሯ መቃብር» ብሎ ስም አወጣለት። እኔ መካኒኩ! አፍሬ አላውቅም እንደዚያ።

ስለዚህ ደላላውን «አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» በዪውና አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ተገኚ። ሞተሩን ንኪ። ለብ ካለ ሌላ ቀን ተመለሺ። ቀዝቃዛ ከሆነ ሳይነሳ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ፤ ውሃው ላይ ዘይት መንሳፈፍ የለበትም። የዘይቱን ክዳንም ገልብጠሽ እዪው። ውስጡ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ውሃ ከዘይት ጋር እየተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተበልቶ ይሆናል፤ ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቆም ይሆናል።

ከዚያ አስነሺና ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ ተመልከቺ። በብርድ ትንሽ ነጭ ጭስ ብትለቅ አትደንግጪ። ሞቃም ነጩ ካልለቀቃት ግን ችግር አለ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ታቃጥላለች ማለት ነው። ጥቁሩ ላይ ግን አትፍረጂ። እዚህ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ጫና ሲበዛበት አየር ያጥረውና ትንሽ ያጠቁራል። ናፍጣው ሳይቀነስለት የመጣ ከሆነማ ይብሳል።

ይኸው አየር ጉልበቷንም ይበላል። 240 ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር ነው ያላት፤ ወደ 50 የፈረስ ጉልበት። በቾ ላይ ስትደርስ አንድ አምስተኛው ያህል ይቀንሳል። አፈሩም ኮትቻ፣ ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ ነው። ሲረጥብ ጎማ ላይ ይጠመጠማል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። «ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ጨምሬ እሰጥሻለሁ» ካለሽ አመስግኚና ባለ ሁለት ዲስኩን ውሰጂ።

ማረሻው ሲነሳ ደግሞ የሃይድሮሊኩን ጤና ታይበታለሽ። ማረሻውን ወደ ላይ አንስቶ ሞተሩን ያጥፋልሽ። ማንም ሥሩ እንዳይገባ። ሻይ አዘዢ። ሻዩን ሳትጨርሺ ማረሻው መሬት ከነካ ሃይድሮሊኩ ያፈስሳል። ከዋጋው ላይ ይቀነስልሽ።

ስለ ሞዴሉ፦ «85» ያለሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 1985። በእኛ 1977 ወይም 78 ማለት ነው። በእኛ 1985 መስሎሽ ከሆነ ሰባት ዓመት አስረጅተሽ ነው የምትገዢው። እርጅናው አያሳስበኝም፤ እነዚህ ትራክተሮች ከተያዙ አያልቁም። የሚያሳስበኝ 3,000 ሰዓቱ ነው። ቆጣሪ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይቀየራል፤ የፍሪሲዮን (የክላች) ፔዳል ግን አይዋሽም። ብረቱ ተልጦ እንደ መስታወት ካበራ 3,000ው ተረት ነው። ቀለሙንም እርሺው። ቀለም ቀቢ የማይደርስበት ቦታ አለ፤ ጎንበስ ብለሽ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ሥር እዪ። ዘይት የሚያዣ ከሆነ ታገኚዋለሽ።

ወረቀቱን ሳልረሳው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ስም ማዞሩ ጣጣ አለው። ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ይኼን አጣሪ፤ በኋላ «እኔ ምን አውቃለሁ» ነው መልሱ።

ለጎረቤት ማረሱ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለ4 ሄክታር ብቻ ትራክተር መግዛት አያዋጣም። ግን ሒሳቡን ዓመቱን ሙሉ በምትሠራ ትራክተር አትሥሪው። ኮትቻ የሚታረስበት ጊዜ አጭር ነው፤ ሁሉም ሰው የሚፈልግሽ በዚያው ሳምንት ነው። ያን ሳምንት የውሃ ፖምፓ ቢበላሽ ወቅቱ አለፈ። ስለዚህ ሳትገዢ አንድ ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ዙሪ። ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የውሃ ፖምፓ፣ የናፍጣ ፖምፓ መለዋወጫ እያልሽ ጠይቂ። ለማሲ ብዙውን ታገኛለሽ፤ ፎርጅዱን ከኦርጅናሉ የሚለይ ሰው ግን አብሮሽ ይሂድ።

ከገዛሽ እየነዳችሁ አትውሰዷት። 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጅማ መንገድ ላይ በሰዓት 25 እየሄደች ከኋላዋ ሰልፍ ታስይዛለች። ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ላይ ጫኗት።

ጥያቄ፦ መናገሻ አካባቢ 1 ሄክታር አለኝ። በእጅ የሚገፋ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ይበቃኛል?
ከፒያሳ

መልስ፦ አፈሩ ኮትቻ ከሆነ አይበቃም። ክብደት ስለሌለው ላዩን ጭሮ ያልፋል፤ ቀኑን ሙሉ የሚታገለው ሰውየው ነው። ቀላል አፈር ከሆነና አትክልት የምትተክል ከሆነ ይሆንሃል። ለጤፍና ለስንዴ ግን ባለ ትራክተር ፈልገህ በሄክታር ተነጋገር። ብርህን ለዘርና ለማዳበሪያ አስቀምጠው።