የጃኩዚውን ሂተር የበሳው ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንድ ጠያቂ እንዲህ ይላሉ፦ «የጃኩዚያችን ሂተር ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተበሳ። የፓምፑ ሲል (ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ማሸጊያ) ያንጠባጥባል፣ ግድግዳውንም አረንጓዴ ነገር ይዞታል። ክሎሪን እንቀንስ ወይ?»

ወንድሜ፣ ክሎሪኑን እንዳይቀንሱ፤ እንግዳ ይታመምብዎታል። መጀመሪያ ያንን አረንጓዴ በብሩሽ ይፈትጉት። ከለቀቀ አልጌ ነው። ካልለቀቀና ወደ ሰማያዊ ካደላ ግን ከሂተሩ ቱቦ የሟሟ መዳብ ነው፤ ቱቦውን አሲድ እየበላው ነው።

አሲዱ የመጣው በላኩልኝ ፎቶ ላይ ስኪመሩ (ከውሃው ላይ ቆሻሻ የሚለቅመው ክፍል) ቅርጫት ውስጥ ከሚታየው ነጭ የክሎሪን እንክብል ነው። ትራይክሎር ይባላል። ጥቂት ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ወደ 3 ያወርደዋል። ማታ ፓምፑ ሲጠፋ እንክብሉ መሟሟቱን አያቆምም። ጠዋት ሲያበሩት ሌሊቱን የተጠራቀመው ኮምጣጣ ውሃ መጀመሪያ ፓምፑን፣ ቀጥሎ ሂተሩን ያገኛል። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ እንዲህ የሆነ ሂተር ፈትቼ አውቃለሁ፤ ቱቦውን በካቻቪቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው እንደ ሲጋራ ወረቀት ተቀደደ። በጣም ነው ያሳዘነኝ፤ እንክብሉን ሌላ ቦታ በማድረግ ብቻ የሚተርፍ ዕቃ ነበር።

እንግዲህ እንክብሉን ዛሬውኑ ከስኪመሩ ያውጡት። ለሙቅ ውሃ የዱቄቱ ክሎሪን፣ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ይሻላል፤ በባልዲ ውሃ በጥብጠው ፓምፑ እየሠራ ይጨምሩ። እሱ ደግሞ ፒኤቹን ከፍ ስለሚያደርግ ሂተሩ ላይ ነጭ ቅርፊት እንዳይጋገር በየቀኑ ይለኩ፤ ከ7.2 እስከ 7.8 ይሁን። አደራ፣ ዱቄቱና እንክብሉ በአንድ ዕቃ እንዳይገናኙ፤ ማንኪያውም ለየብቻ ይሁን። ሲቀላቀሉ ይፈነዳሉ።

የጅማ ዝናብም ክዳን በሌለው ገንዳ ላይ የራሱን ያደርጋል። አልካላይኒቲውን (ውሃው ፒኤቹን አጽንቶ የሚይዝበትን አቅም) ያሳሳዋል፣ ያኔ ፒኤቹ በትንሽ ነገር ይዋዥቃል። አልካላይኒቲው በሊትር ከ80 ሚሊግራም በታች ከወረደ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩ፤ ለአንድ ሜትር ኩብ ውሃ 18 ግራም ያህሉ በ10 ከፍ ያደርገዋል።

የክሎሪኑን በርሜል ከፓምፕ ክፍሉ ያውጡ። ትነቱ ዝግ ክፍል ውስጥ የሞተሩን ተርሚናል (የሽቦ መግጠሚያ) እና ኮንታክተሩን (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያውን) ያዝጋል። ሲሉን ሲያስቀይሩ ጎማው ቫይተን (ኬሚካል የሚቋቋም የጎማ ዓይነት) የሆነውን ይጠይቁ። አዲሱን ሂተር ግን አሁን አይግዙ፤ ፒኤቹ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይወርድ ከቆየ በኋላ ያስገጥሙት።