አንድ ነርስ፣ 180 ታካሚ

ጥያቄ፦ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ክፍል አስተባባሪ ነኝ። ከሁለቱ የአእምሮ ጤና ነርሶቻችን አንዷ ለቅቃ ምትክ አልተመደበም። 180 ታካሚዎች በየወሩ ይመላለሳሉ፤ አዲስ የሚመጣ ሰው ስድስት ሳምንት ይጠብቃል። ጠቅላላ ነርሶችን ብናሠለጥን ይበቃል?

መልስ፦ ሥልጠናው ይቆየንና መጀመሪያ ሰዓቱን ያስሉ። 180 ሰው በ30 ደቂቃ ሲታይ በወር 90 ሰዓት ይፈጃል። ነርሷ ከመዝገብና ከስብሰባ የሚተርፋት በቀን 5 ሰዓት ቢሆን፣ በ21 የሥራ ቀን 105 ሰዓት ነው። የሚቀረው 15 ሰዓት ብቻ ነው። የአዲስ ታካሚ ምርመራም (አንድ ሰዓት ይወስዳል)፣ የቤት ለቤት ጉብኝትም ከዚያው ላይ ይነሳሉ። ወረፋው ቢረዝም አይገርምም።

ስለዚህ በየወሩ መምጣት የማያስፈልጋቸውን ይለዩ። ለስድስት ወር ሕመሙ ያላገረሸባቸውና መድኃኒታቸው በቅርቡ ያልተቀየረ 110 ሰዎች ቢገኙ፣ በየሦስት ወሩ ለ20 ደቂቃ በጠቅላላ ነርስ ይታዩ። የአእምሮ ጤና ነርሷ 55 ሰዓት ታተርፋለች፤ ጠቅላላ ነርሶቹ ላይ የሚጨመረው በወር 12 ሰዓት ገደማ ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለባቸውን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ እንዲሁም የደም ምርመራ የማይዘለልባቸውን ሊቲየምና ክሎዛፒን የተባሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የሚወስዱትን ግን ከእሷ እጅ አያውጡ። ፍሉፌናዚን የተባለ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መርፌ ያላቸው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ መምጣታቸው አይቀርም፤ መርፌው የሚያመጣውን የሰውነት መገታተርና መንቀጥቀጥ መለየት ከለመደ ጠቅላላ ነርስም ይወጋቸዋል።

ቀጠሮ ሲራራቅ ሁለት ነገር ይበላሻል። የቀረ ሰው ሳይታወቅ ሕመሙ ይነሳበታል፤ ስለዚህ ቀጠሮው ያለፈበትን ሰው በሳምንት ውስጥ የሚደውልለት አንድ ሠራተኛ በስም ይመደብ። ሁለተኛው በታካሚው ቤት የሚከማቸው መድኃኒት ነው። አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድብርት መድኃኒት ከመጠን ሲያልፍ የልብ ምትን አዛብቶ ይገድላል፤ የሦስት ወሩን በአንድ ጊዜ አሸክሞ መላክ አደገኛ ነው።

ወደ ሥልጠናው ስንመጣ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ባለሙያ ላልሆኑ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውና በ2016 ያሻሻለው የሕክምና መመሪያ አለ። መመሪያው ደህና ነው፤ ችግሩ ከሥልጠናው በኋላ ይመጣል። የሠለጠነው ሰው ይዛወራል፣ ወይም ግራ ሲገባው የሚጠይቀው ያጣል። ስለዚህ አንድ ሳይሆን ሁለት ሰው ያሠልጥኑ፤ በሳምንት ቋሚ ግማሽ ቀን ይመደብላቸው። በየሁለት ሳምንቱም ከነርሷ ጋር ለአንድ ሰዓት ይቀመጡ፤ የከበዷቸውን ሁለት ሦስት ካርዶች ይዘው ይምጡ። ነርሷ ካተረፈችው 55 ሰዓት ሁለቱ ለዚህ ይውላሉ።