ሩቅ ዒላማ መተኮስ ለምትጀምር፦ ከጠመንጃው በፊት ጥይቱን ምረጥ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው። አደን አትፈልግም፤ ወረቀትና የብረት ዒላማ ብቻ መምታት ነው የምትፈልገው። እስካሁን 100 ያርድ ላይ ስትተኩስ ቆይተሃል። አሁን 600፣ ቀስ እያልክ ደግሞ 1,000 ያርድ መድረስ አስበሃል። በእጅህ 2,500 ዶላር አለ። «6.5 ክሪድሙር ልግዛ ወይስ .308? ጥይቱስ የትኛው ነው?» ብለሃል። ሁለቱም የጥይት ልክ ስሞች ናቸው፤ ጠመንጃውም በሚተኩሰው ጥይት ይጠራል። ብዙ ሰው የጠመንጃ ስም ጽፎልሃል። እኔ ግን ከጥይቱ ልጀምር። ስምንት ዓመት ስተኩስ ገንዘቤም ጊዜዬም በብዛት የባከነው እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን የወረቀት ጉዳይ። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ካለህ ችግር የለም። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ሕጉ ካስቀመጣቸው ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ጥይትም ጭምር ነው የምልህ፤ አንድ ፍሬም ብትሆን። ይህንን የምጽፈው ለአንተ ብቻ አይደለም። እዚህ የሚያነብ ወጣት «ጓደኛዬ ይዞኝ ይሄዳል» ብሎ የኢሚግሬሽን ጉዳዩን እንዳያበላሽ ብዬ ነው። የሚያጠራጥር ነገር ካለ ጠበቃ ጠይቁ።

አሁን ወደ ጥይቱ። የአገራችን ሰው ለዚህ ነገር ጥሩ ቃል አለው። ቀለህ አለ፣ ባሩድ አለ፣ አረር አለ። ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደው አረሩ ብቻ ነው። ሩቅ ስትተኩስ የምትመርጠው እሱን ነው። የአረር ክብደት እዚህ አገር በግሬን ይለካል። 140 ግሬን ማለት 9 ግራም ያህል ነው።

ሱቅ ስትገባ ርካሹ ጥይት ዓይንህን ይስበዋል። ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነው፣ ለልምምድ የሚሸጠው ማለቴ ነው። 100 ያርድ ላይ ምንም አይልም። 600 ላይ ግን ምቱ ዒላማው ላይ ይበተናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የዚያ አረር መዳብ የሚለብሰው ከጫፉ ጀምሮ ስለሆነ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ እርሳሱም ይታያል። የውድድር ጥይት ግን ተቃራኒ ነው። መዳቡ ከጀርባ ተነስቶ ወደ ጫፍ ይጠቀለላል። ስለዚህ ጫፉ ላይ መርፌ የወጋው የምትመስል ትንሽ ቀዳዳ ትቀራለች፣ ጀርባው ግን ልሙጥና እኩል ይሆናል። አረር በርሜሉን ለቆ ሲወጣ ጋዙ በመጨረሻ የሚገፋው ጀርባውን ነው። ጀርባው ትንሽ ከተዛባ ገና ሲወጣ ጠሞ ነው የሚጀምረው። አንዳንዱ የውድድር አረር ደግሞ በቀዳዳዋ ፋንታ የፕላስቲክ ጫፍ አለው። እሱም ጥሩ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ርካሽ ጥይት ውስጥ አንዳንዴ ብረት ይገባል። ብዙ የተኩስ ሜዳ ላይ ኃላፊው ማግኔት ይዞ ይመጣና ጥይትህን ይነካል። ማግኔቱ ከያዘው የዚያን ቀን አትተኩስም፣ የብረት ዒላማውን ስለሚያበላሽ። ሁለት ሰዓት ነድተህ ሄደህ መመለስ ያናድዳል።

6.5 ወይስ .308 ለሚለው፣ ለአንተ ዓላማ 6.5 ክሪድሙር ነው። ሆርናዲ የተባለው ጥይት አምራች በ2007 ያወጣው ሲሆን የተሠራውም ለሩቅ ዒላማ ውድድር ነው። ስሙ የመጣው ኒውዮርክ ከነበረው ከክሪድሙር የተኩስ ሜዳ ነው። እዚያ በ1874 የአሜሪካ ቡድን አየርላንዶችን በ800፣ 900 እና 1,000 ያርድ ገጥሞ አሸንፏል። .308 ከ1952 ጀምሮ ያለ፣ የታመነ፣ በርሜሉም ብዙ የሚቆይ ጥይት ነው። ግን ነፋስ በጣም ይገፋዋል። በሰዓት 10 ማይል ነፋስ ከጎን ቢነፍስ፣ 1,000 ያርድ ላይ የ6.5 ባለ 140 ግሬን አረር አንድ ሜትር ከስልሳ ገደማ ይገፋል። የ.308 ባለ 175 ግሬን ደግሞ ከሁለት ሜትር በላይ ይሄዳል። ጀማሪ ነፋስ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ስህተትህን የሚያሳንስልህን ያዝ። ትከሻህንም ያነሰ ይመታሃል፤ ትከሻው የሚመታ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ቃታውን መፍራት ይጀምራል።

የ6.5 ጉዳቱ በርሜሉ ቶሎ ማለቁ ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሺህ ጥይት አካባቢ ላይ ጥራቱ መውረድ ይጀምራል። እስከዚያ ስትደርስ ግን ለጥይት ያወጣኸው ገንዘብ የጠመንጃውን ዋጋ ብዙ ጊዜ አልፎት ይሆናል። አሁን አያሳስብህ።

.308 ቤት ውስጥ ካለህ ግን ሌላ አትግዛ፣ በእሱ ተማር። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። እኔ የጀመርኩት በ.308 ነበር፣ በ168 ግሬን። 300 ያርድ ላይ በጣም የሚያምር ጥይት ነው። ደስ ብሎኝ ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለ የ1,000 ያርድ ሜዳ ይዤው ሄድኩ። ሃያ ተኮስኩ። ወረቀቱ ላይ የተገኘው ሰባት ነበር። ዒላማውን ሲያወርዱት ቀርቤ አየሁት። አንዱ ቀዳዳ ክብ አይደለም። ሞላላ ነው፣ አረሩ በጎኑ ተጋድሞ ወረቀቱን የቀደደበት ቅርጽ በደንብ ይታያል። ጣቴን አስገብቼ ለካሁት፤ የአረሩ ቁመት ነው። አጠገቤ የነበረ አንድ ሽማግሌ ተኳሽ የጥይቱን ሳጥን አይቶ «ይህ እኮ ለ300 ሜትር ውድድር የተሠራ ነው» አለኝ። የዚያ አረር ጀርባ ሾል ያለበት ማዕዘን ሰፊ ነው። ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ መንገዳገድ ይጀምራል፣ ከዚያ ይገለበጣል። ለ1,000 ያርድ የተሠራው 175 ግሬኑ ነው። የሰባት ግሬን ልዩነት ግማሽ ግራም እንኳን አይሞላም። ልዩነቱን ያመጣው ግን ክብደቱ ሳይሆን ቅርጹ ነው።

ስለዚህ ለ6.5 ስትገዛ ከ140 እስከ 147 ግሬን ያለ የውድድር ጥይት ያዝ። ሆርናዲ ኢኤልዲ ማች 140 በየሱቁ ይገኛል። ፌዴራል ጎልድ ሜዳልም ጥሩ ነው። ሁለት ዓይነት፣ ከእያንዳንዱ 40 ግዛና 100 ያርድ ላይ አምስት አምስት እያደረግህ ሞክር። በርሜል የራሱ ምርጫ አለው። የጓደኛህ ጠመንጃ የሚወደውን ያንተ ላይወድ ይችላል። የወደደውን ካገኘህ ግን እዚያው ጽና። በየሳምንቱ ቅናሽ እያየህ ጥይት ከቀያየርክ ምንም አትማርም፤ ስህተቱ ያንተ ይሁን የጥይቱ አታውቅምና። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያቃጠልኩት። ስትገዛ ደግሞ ሳጥኑ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር እይ። ሁለት መቶ ስትገዛ ሁሉም አንድ ቁጥር ይሁን።

በርሜሉንም አደራ። ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ አረሩን ያሽከረክራል፣ ረጅም አረር ደግሞ ፈጣን ሽክርክሪት ይፈልጋል። ለ6.5 በየ8 ኢንች አንድ ዙር የሚዞር በርሜል ነው የተለመደው። ለ.308 በየ10 ኢንች። ከሁለቱ በሚያንሰው በ.223 ልጀምር የሚል ሰው ደግሞ 77 ግሬን መተኮስ ከፈለገ ባለ 8 ወይም ባለ 7 ይፈልግ። አሮጌ ባለ 12 በርሜል ላይ 77 ግሬን አይረጋም፤ የፈለግከውን ያህል ጎበዝ ብትሆን።

ጠመንጃው ላይ ብዙ አልቆይም። ቲካ፣ በርጋራ፣ ሩገር፣ ሳቬጅ፣ ሁሉም በሺህ ዶላር አካባቢ ካንተ ችሎታ የተሻለ የሚተኩስ ጠመንጃ ይሠራሉ። ሱቅ ሄደህ አንሳው፣ ጉንጭህን ሰደፉ ላይ አሳርፍ፣ አንገትህ ሳይወጠር ዓይንህ ስኮፑ (ማነጣጠሪያ መነጽሩ) መሃል ከገባ እሱ ነው። አፈሙዝ ላይ የሚገጠመውን ጋዝ መበተኛ ለጊዜው ተወው። ምቱን ይቀንሳል፣ ጩኸቱን ግን ወደ አንተና ወደ ጎረቤትህ ያመጣዋል።

ስኮፕ ላይ ግን አትቆጥብ። አጉልቶ ማሳየቱ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ዋናው ጉልላቱን፣ ማለትም ማስተካከያ ቁልፉን፣ ስታዞረው በትክክል መሄዱና ስትመልሰው በትክክል መመለሱ ነው። 6.5 አረር 100 ያርድ ላይ ከተስተካከለ 1,000 ላይ ስምንት ሜትር ያህል ይወርዳል። ያንን ሁሉ የምታስተካክለው በጣትህ ጠቅ ጠቅ እያደረግህ ነው። «ሚል» በሚባለው የማዕዘን መለኪያ የሚሠራ ስኮፕ ግዛ። እኛ በሜትር ላደግን ሰዎች ይቀላል፦ አንድ ሚል 1,000 ሜትር ላይ አንድ ሜትር ነው፣ 100 ሜትር ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር። አንድ ጠቅታ 0.1 ሚል ስለሆነ 100 ሜትር ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጉልላቱም ስኮፑ ውስጥ የሚታየው መስመርም ሁለቱም በሚል መሆናቸውን አረጋግጥ።

ስኮፑን ጠመንጃው ላይ የሚይዘውን ማሰሪያ ራስህ እሰር። እኔ የመጀመሪያ ስኮፔን ሱቅ ውስጥ ነው ያሳሰርኩት። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አንዱ ጥይት ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ግራ ሲሄድብኝ ትንፋሼን፣ ጣቴን፣ ጥይቱን ሁሉንም ስጠረጥር ቆየሁ። ሰማንያ ጥይት ጨረስኩ። በመጨረሻ ቤት ገብቼ ስኮፑን በእጄ ስይዘው ተንቀሳቀሰ። ስሩ ያለው ብሎን ላልቷል። ልኩን የሚያሳይ የብሎን ማጥበቂያ ከ50 እስከ 70 ዶላር ይሸጣል። እሱን ግዛ። አምራቹ በወረቀት የጻፈውን ልክ ተከተል፣ ከዚያ አታስበልጥ።

ከፊት ባለ ሁለት እግር ማቆሚያ፣ ከኋላ ሰደፉ ስር የሚገባ ከረጢት ያስፈልግሃል። የኋላው ከረጢት ከፊቱ ይበልጥ ወሳኝ ነው። በግራ እጅህ ጨመቅ ስታደርገው አፈሙዙ ዝቅ ይላል፣ ለቀቅ ስታደርገው ከፍ። ለመጀመሪያው ወር ወፍራም ካልሲ ውስጥ ሩዝ ሞልተህ አፉን መስፋት ይበቃል። ዝናብ እንዳይነካው ብቻ።

ጆሮህ። ይህንን እለምንሃለሁ። የእንዲህ ዓይነት ጠመንጃ ድምፅ 160 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ከ140 በላይ የሆነ ድንገተኛ ድምፅ በአንድ ጊዜ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። የጠፋ መስማት ደግሞ አይመለስም። ከውስጥ ስፖንጁን፣ ከላይ ደግሞ ትልቁን ሽፋን፣ ሁለቱንም አድርግ። ጣሪያ ስር ስትተኩስ በተለይ። መነጽርም አድርግ። ተኩሰህ ስትጨርስ ሳትታጠብ ዳቦ አትቁረስ፣ እጅህ ላይ የእርሳስ ብናኝ አለና። ሕፃን ልጅ ካለህ ልብስህንም ቀይረህ እቀፈው።

ጠመንጃህ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይደር፣ ጥይቱም ለብቻው። ቤታችን እንግዳ የማይለየው፣ የዘመድ ልጅ ክፍል ለክፍል የሚሮጥበት ቤት ነው። ሳጥኑን ከጠመንጃው ጋር በአንድ ቀን ግዛ፣ «በኋላ» አትበል።

የአረር ፍጥነት መለኪያ አሁን አትግዛ፣ ከሰው ተዋስ። ሜዳ ላይ ብትጠይቅ እምቢ የሚልህ የለም። አሥር ጥይት ለካና ጻፍ። በሁለት ጥይት መካከል በሴኮንድ የ50 ጫማ ልዩነት ካለ 1,000 ያርድ ላይ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። 100 ያርድ ላይ ግን ፈጽሞ አታየውም። «ቤቴ አጠገብ ጥሩ ነበር፣ እዚህ ምን ነካኝ?» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ መልሱ እዚህ ጋ ነው። ትክክለኛውን ፍጥነት ስልክህ ላይ ባለ የተኩስ ማስሊያ ውስጥ ስታስገባ ደግሞ ስንት ሚል እንደምታዞር ይነግርሃል።

ገንዘቡን እንዲህ አከፋፍለው። ለጠመንጃው ሺህ። ለስኮፑ ከነማሰሪያው ሰባት መቶ። ለማቆሚያ፣ ለከረጢት፣ ለጆሮና ለብሎን ማጥበቂያው ሦስት መቶ። ለሳጥኑ መቶ። የቀረው አራት መቶ በሙሉ ለጥይት። የውድድር ጥይት አንዱ ፍሬ ከአንድ ዶላር ከሃምሳ እስከ ሁለት ዶላር ስለሚሆን ሁለት መቶ አካባቢ ያገኛል። ቀለሁን አትጣል። ባዶውን ቀለህ ራስህ እንደገና መሙላት ስትጀምር ያስፈልግሃል። ግን የመጀመሪያውን ዓመት አትሙላ፣ መጀመሪያ መተኮስ ተማር።

ሌላ ሦስት መቶ ዶላር ስታገኝ ደግሞ ስኮፕ አትቀይር። ትንሿን ጥይት የሚተኩሰውን .22 ጠመንጃ ግዛ። 200 ያርድ ላይ .22 የሚወርደውና ነፋስ የሚጫወትበት፣ 6.5 ከ800 በላይ ላይ እንደሚያሳይህ ነው። ጥይቱ ደግሞ በሳንቲም ነው። ነፋስን ያስተማረኝ እሱ ነው።

እና አንድ ነገር፣ አደራ። ወደ ሜዳ የምትይዘው ቦርሳ ለሌላ ነገር እንዳይውል። አዲስ አበባ ለመሄድ ደለስ ኤርፖርት ላይ ቆመህ ከቦርሳህ ኪስ አንድ ጥይት ብትገኝ ጉዞህ ሊደናቀፍ ይችላል። ቦሌ ላይ ብትገኝ ደግሞ ሊብስ ይችላል። የኔ ቦርሳ በር ጀርባ ብቻውን ነው የሚሰቀለው፣ ቤተሰቡም ያውቀዋል።

ትንሽ ደብተር ያዝ። ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደመጣ፣ ያዞርከውን ሚል፣ የመታህበትን ቦታ ጻፍ። በቀጥታ 1,000 አትሂድ፤ 300 ላይ ሁለት ቀን፣ ከዚያ 600። የመጀመሪያው መቶ ጥይት ሲያልቅ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ስለ ነፋሱ ያኔ እሱን እያየን እናወራለን።