ሱፐር ዴሊጌቶቹ ድምፃችንን ይሽሩታል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን

እህቴ መጀመሪያ ለዜግነትሽ እንኳን ደስ ያለሽ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። «ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው ምኖረው፣ አሁን ሲቲዝን ሆኛለሁ፣ የአጎቴ ልጅ ግን ፕራይመሪ ላይ አትድከሚ፣ ሱፐር ዴሊጌት የሚባሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ መጨረሻ ላይ እነሱ ናቸው ሚመርጡት ይለኛል፣ እውነት ነው?» ነው ያልሽው። ከስር የተጻፉትን መልሶች አየኋቸው፣ ግማሹ ሰው ከኤሌክቶራል ኮሌጅ ጋር አምታቶታል። ኤሌክቶራል ኮሌጅ ኖቬምበር ላይ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ያለ ነገር ነው፣ አንቺ የጠየቅሽው ግን ከዛ በፊት ፓርቲው እጩውን በፕራይመሪ፣ ማለት በየስቴቱ በሚደረግ የፓርቲ ምርጫ፣ ሲለይ ያለውን ነው፣ አይገናኙም። እኔ ዲሲ ታክሲ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ እንጂ ፖለቲካ አልተማርኩም፣ ግን 2008 ላይም 2016 ላይም ቮለንቲር ሆኜ ስልክ ስደውል በር ሳንኳኳ ስለነበር ከውስጥ ባይሆንም ከደጅ ሆኜ አይቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዴሞክራቶች ሰመር ላይ ኮንቬንሽን፣ ማለት ትልቅ የፓርቲ ጉባኤ፣ ያደርጋሉ፣ እጩውን እዛ የሚመርጡት ዴሊጌት የሚባሉ ተወካዮች ናቸው። አብዛኞቹ በየስቴቱ ፕራይመሪ ውጤት ልክ የሚከፋፈሉ ናቸው፣ አንድ ተወዳዳሪ 15 ፐርሰንት ካገኘ ድርሻውን ይወስዳል፣ እነዚህ ለሱ ቃል ገብተው ነው ሚሄዱት። ሌሎቹ ደግሞ ማንም ሳይመርጣቸው በወንበራቸው ብቻ የሚገቡ ናቸው፣ የዴሞክራት ሴናተሮችና የኮንግረስ አባላት፣ ገዥዎች፣ የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ አባላት፣ የቀድሞ ፕሬዚዳንቶችና ምክትሎቻቸው። ለማንም ቃል አልገቡም፣ ሱፐር ዴሊጌት ያላቸው ሕዝቡና ጋዜጠኛው ነው። እኔ በልቤ ያልተላከ ሽማግሌ እላቸዋለሁ፣ ሳይላክ መጥቶ ቁጭ ይላል ግን ቃሉ ይሰማል። በነገራችን ላይ እኛ ዲሲ ከንቲባዋም ከገዥዎቹ ጋር ነው ምትቆጠረው፣ የፓርቲው ሰዎች ብዙዎቹ እዚሁ ስለሚኖሩም 2016 ላይ የዲሲ ሱፐር ዴሊጌቶች በፕራይመሪ ከሚከፋፈሉት ዴሊጌቶች በቁጥር ይበልጡ ነበር፣ ታክሲ ውስጥ ይሄን ስናገር የሚያምነኝ ሰው አልነበረም።

ከየት መጡ ካልሽ፣ 1968 ላይ ሁበርት ሃምፍሪ አንድም ፕራይመሪ ሳይወዳደር በፓርቲው አለቆች ድጋፍ እጩ ሆነ፣ ቺካጎ ኮንቬንሽኑ ላይ ከአዳራሹ ውጪ ፖሊስና ሰልፈኛ ሲደባደቡ አለም አየ። ከዛ ደንቡ ተቀየረና ስልጣኑ ወደ ፕራይመሪ መራጩ ሄደ። ግን 1972 ላይ በአዲሱ ደንብ የመጣው ማክገቨርን በ49 ስቴት ተሸነፈ፣ 1980 ላይ ደግሞ ካርተር በሬጋን ተዘረረ፣ ያኔ ሽማግሌዎቹ ድሮም ብለናችሁ ነበር አሉ። የኖርዝ ካሮላይናው ገዥ ጄምስ ሃንት የመሩት ኮሚሽን ወንበር ሰጣቸው፣ 1984 ላይ ስራ ጀመሩ። ያን አመት እጩ ለመሆን ይወዳደር የነበረው ሞንዴል ፕራይመሪው አልቆ ትንሽ ዴሊጌት ጎደለውና ስልክ ይዞ ሱፐር ዴሊጌቶቹን አንድ በአንድ ሲደውልላቸው ቁጥሩ ሞላለት። ግን ልብ በይ፣ ድሮውንም ከጋሪ ሃርት እየመራ ነበር።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። እስከዛሬ በፕራይመሪ ዴሊጌት የመራውን ሰው ገልብጠው ሌላ ያስቀመጡበት አንድም ጊዜ የለም። 2008 ላይ ኦባማና ሂላሪ ሲፎካከሩ ግን በጣም ተፈርቶ ነበር። እኛ ፌብሩዋሪ 12 ነው የመረጥነው፣ ዲሲ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በአንድ ቀን፣ ብርዱ አይረሳኝም። በአማርኛ ስንደውል አንዲት እናት «ልጄ እነዛ ትልልቆቹ ሰዎች ለሂላሪ ነው አሉ፣ እኔ በዚህ በረዶ ብወጣ ምን ልጨምር» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ ገና ሲጀመር ሂላሪ በሱፐር ዴሊጌት ትመራ ነበር። ኦባማ ሶስቱንም ቦታ አሸነፈ። ከዛ ምን ሆነ መሰለሽ፣ የአትላንታው የኮንግረስ አባል ጆን ሉዊስ መጀመሪያ የሂላሪ ነበር፣ የሱ ሰፈር ሰው ግን ኦባማን መረጠ፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ሰውየው ሀሳቡን ቀየረ። እንደሱ እያሉ ሌሎቹም ቀስ በቀስ መጡ። ጁን 3 የመጨረሻው ፕራይመሪ ሲያልቅ ለሁለቱም የፕራይመሪው ዴሊጌት ብቻ አይበቃቸውም ነበር፣ ሱፐሮቹ ናቸው የሞሉት፣ ግን የሞሉት ለሚመራው ነው። እነዚህ ሰዎች እኮ ራሳቸውም ነገ ድምፅ ለማኝ ናቸው፣ የመረጣቸውን ሰው አስቀይመው የት ይደርሳሉ።

ታዲያ የአጎትሽ ልጅ ዝም ብሎ ነው ሚያወራው? አይደለም። 2016ን ይዞ ከሆነ አልፈርድበትም። ኒው ሃምፕሻየር ላይ የሂላሪ ተፎካካሪ ሳንደርስ 60 ፐርሰንት አምጥቶ በዴሊጌት 15 ለ 9 አሸነፈ፣ ከዛ 6 ሱፐር ዴሊጌቶች ለሂላሪ ነን ስላሉ ቲቪው 15 ለ 15 ብሎ አሳየን። ሰው በጥቅሉ ሲያየው ምን ይበል? እንግዲህ የዲሲ ፕራይመሪ የዛን አመት ከሁሉም መጨረሻ ነበር፣ ጁን 14። እኔ ሳምንት ሙሉ በር ሳንኳኳ ቆይቼ ጁን 6 ማታ አንድ ትልቅ የዜና ወኪል ሱፐር ዴሊጌቶችን በስልክ ጠይቆ ደምሮ ሂላሪ ጨርሳለች ብሎ ለቀቀው፣ በማግስቱ ካሊፎርኒያን የሚያክል ስቴት ሊመርጥ እየሄደ። እነዛ ሰዎች ድምፅ የሚሰጡት ጁላይ ላይ ፊላደልፊያ ነው፣ ገና አልሰጡም እኮ! የኛ ተራ ሲደርስ ምርጫ ጣቢያው ጭር ብሎ አስተባባሪዋ ሴትዮ ቡና እየጠጣች ነበር፣ ገብቼ ለመውጣት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሂላሪ በፕራይመሪ ዴሊጌትም በሕዝብ ድምፅም በሚሊዮኖች ስለበለጠች ውጤቱ አይቀየርም ነበር፣ አልተሰረቀም፣ ሳንደርስ ደጋፊ ጓደኞቼ እዚህ ላይ ይቆጡኛል ግን ቁጥሩ ያው ነው። እኔን ያናደደኝ ድምፃቸውን ሳይሰጡ መቆጠራቸው ነው፣ ጉልበታቸው ያለው ኮንቬንሽኑ ላይ ሳይሆን ጃንዋሪ ላይ እኔ ከእከሌ ጋር ነኝ ሲሉ ነው፣ ብር ሰጪውም ጋዜጠኛውም ያንን ተከትሎ ይሄዳል።

ፓርቲውም ገብቶት ኦገስት 2018 ላይ ቺካጎ ተሰብስቦ ደንቡን ቀየረ። አሁን ሱፐር ዴሊጌቶች፣ ስማቸውም አውቶማቲክ ዴሊጌት ሆኗል፣ የፕራይመሪው ዴሊጌት አሸናፊውን አስቀድሞ በማያጠራጥር ሁኔታ ካልለየ በቀር በኮንቬንሽኑ የመጀመሪያ ዙር ድምፅ አይሰጡም። 2020 ላይ በፕራይመሪ ከሚገኘው 3,979 ዴሊጌት ውስጥ 1,991 ያገኘ ጨረሰ ማለት ነበር። ማንም ግማሹን ካላለፈ ሁለተኛ ዙር ይኬድና ያኔ ይገባሉ፣ ግን ዴሞክራቶች ሁለተኛ ዙር የሄዱት ለመጨረሻ ጊዜ 1952 ላይ ነው። 2024ስ ባይደን ወጥቶ ካማላ ስትገባ ምን ነበር ላላችሁት ሰዎች፣ እሷን እጩ ያደረጓት በአብዛኛው ለባይደን ቃል ገብተው የነበሩት ዴሊጌቶች ናቸው፣ ደንቡ በሕሊናችሁ የመራጩን ስሜት አንፀባርቁ ነው ሚላቸው እንጂ በገመድ አላሰራቸውም። ሱፐሮቹ በስልክና በቲቪ ውጣ ውጣ ሲሉት ነበር፣ እሱ ላይ አልከራከርም።

አንድ ወንድማችን ኮመንት ላይ ሚኒሶታ ብዙ አበሻ «አንኮሚትድ» ብሎ መርጧል ሱፐር ዴሊጌት ልኳል ብሏል። ወንድሜ እሱ ሌላ ነው። አንኮሚትድ ወረቀቱ ላይ ያለ ምርጫ ነው፣ ማንንም አልፈልግም እንደማለት፣ 2024 ላይ ሚኒሶታ 11 ሚሺጋን 2 ዴሊጌት ልኮበታል፣ ሕዝብ የላካቸው ናቸው። ሱፐሮቹን ማንም አልላካቸውም። ሪፐብሊካኖች ጋ ደግሞ ከየስቴቱ 3 የፓርቲው ሰዎች ብቻ ናቸው በወንበራቸው ሚገቡት፣ ከ2016 ወዲህ አብዛኞቹ በስቴታቸው ውጤት ይታሰራሉ፣ ብዙም አያስጨንቅም።

ላንቺ ከሱፐር ዴሊጌት ይልቅ ሚያስፈራሽ ቀኑ ነው። ሜሪላንድ ዘግየት ብሎ ነው ሚመርጠው፣ 2024 ላይ ሜይ 14 ነበር፣ ባይደን ማርች ላይ ጨርሶ ነበር። ስለዚ ከመጀመሪያዎቹ ስቴቶች ጀምሮ ተከታተይ፣ የምትደግፊው ሰው ካለ ያኔ ነው ስልክ መደወሉም ሃያ ዶላር መላኩም ሚጠቅመው። ሌላው፣ ሜሪላንድ የሌላ ፓርቲ ሰው በዴሞክራት ፕራይመሪ አያስመርጥም፣ ማዶ ቨርጂኒያ ያሉት እንደዛ አይደሉም። እኔ የማውቃቸው ሁለት ሰዎች ፎርሙ ላይ ፓርቲ የሚለውን ባዶ ትተው ሄደው የፕሬዚዳንቱን ወረቀት አጥተው ተመልሰዋል። አንቺም ሬጅስተር ስታደርጊ እሱን ሳጥን እዪው፣ ሞልተሽውም ከሆነ ኦንላይን ገብተሽ አረጋግጪ፣ ካልገባሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ አብረን እንሞላዋለን።