ወረቀቱን ገልብጡት

ልጆቼ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር እወርዳለሁ። የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣል። ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል። አንድ ቀን ሁለት ወጣት አስጋሪዎች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው «ዛሬ ዓሣ አለ፣ እንሂድ!» ይላል። ሌላው የታንኳውን ሆድ በመዳፉ ጫን አድርጎ «ገና ነው» ይላል። ከጣቶቹ ሥር ውኃ ጠብ ሲል አየሁ።

የሁለቱም ፍላጎት ዓሣ ነው። አንዱን የሚያስነሳው የሚያገኘው ነገር ነው፤ ሌላውን የሚያጣው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር ቶሪ ሂጊንስ ስለዚህ ልዩነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 በሰፊው ጽፈዋል። ፈተና ሲደርስ «ብወድቅስ?» ማለት የሚያበረታው ሰው አለ። ያንኑ ቃል ሰምቶ እጁ የሚዝልም አለ። ስለዚህ የጓደኛችሁን መንገድ ተውሳችሁ አልሠራ ሲላችሁ «እኔ ሰነፍ ነኝ» አትበሉ።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላው ነው። ሂጊንስና ባልደረቦቻቸው በዚያው አቆጣጠር በ2003 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን የቡና ኩባያና ርካሽ እስክሪብቶ አስመረጡ። ገሚሶቹ «ብትመርጡት ምን ታገኛላችሁ?» ተባሉ፤ ገሚሶቹ ደግሞ «ባትመርጡት ምን ታጣላችሁ?»። አብዛኞቹ ኩባያውን መረጡ። ጥያቄው ከጠባያቸው ጋር የገጠመላቸው ግን ለዚያው ኩባያ የበለጠ ዋጋ ሰጡ። ኩባያው ያው ኩባያ ነው።

ይህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። የሒሳብ ባለሙያ ነበርኩ፤ ጥንቃቄ እንጀራዬ ነው። ወጣት ሳለሁ ሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ ቀረበልኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ሊያጋጥመኝ የሚችለውን ችግር ሁሉ ጻፍኩ። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የእናቴ ሕመም፤ አንድ ገጽ ሞላ። በነጋታው እምቢ አልኩ። ልቤ አረፈ፤ ለጥ ብዬ ተኛሁ። ልክ የሠራሁ መሰለኝ።

ያ እረፍት የመጣው ከውሳኔው አልነበረም፤ ከዝርዝሩ ነው። ማጣራት ስለምወድ፣ አጣርቼ የደረስኩበት ሁሉ ትክክል ይመስለኛል። በወረቀቱ ጀርባ ስለማገኘው ነገር አንዲት መስመር እንኳ አልጻፍኩም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሥራችሁን በሚስማማችሁ መንገድ ሥሩ፤ ጉልበት የሚሰጣችሁ እሱ ነው። ትልቅ ነገር ስትወስኑ ግን፣ በተለይ ውሳኔው በጣም ደስ ካላችሁ፣ ወረቀቱን ገልብጡት። «አገኛለሁ» ብቻ የጻፋችሁ «አጣለሁ» የሚለውንም ጻፉ፤ እንደ እኔ ዓይነቶቹ ደግሞ በተቃራኒው። ጀርባውን መሙላት ካቃታችሁ፣ በጠባይ የማይመስላችሁን ጓደኛ ፈልጉና ሻይ ጋብዙት። እስክሪብቶውንም ለእሱ ስጡት።